ወድቃለች

ዙሩ ከባድ አይደለም። ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ተነሥቶ ወደ ምንጮቹ ደን ይወርዳል፣ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የኩልፎን ወንዝ ይዞ ጥቂት ይሄድና በግራሩ ዳገት ተጠማዞ ሴቻ ይመልሳል። ማርሹ የሚሠራ የተራራ ሳይክልና ደህና ጉልበት ያለው ሰው በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አልቀርበትም።

የዚያን ቅዳሜ አብሮኝ የወጣው ጓደኛዬ የሒሳብ መምህር ነበር። እሱ የአገሩ ልጅ፣ ጋሞ ነው፤ እኔ ከሰሜን ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ መምህር። በአንድ ግቢ ስናስተምር አርጅተናል። በባጃጅ ተገጭቶ የተሰበረ እግሩ በብረት ከተጠገነ በኋላ ሳይክል ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። ሐኪሙ "ቀስ እያልክ ሞክር፤ ግን ያ እግር ዳግመኛ ከተሰበረ እንደ ድሮው አትራመድም" ብሎታል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ፣ "አደራ ጋሼ፣ ከአጠገብዎ እንዳይርቅ" አለችኝ።

"ከዓይኔ አይጠፋም" አልኳት።

እስከ ወንዙ ቃሌን ጠበቅኩ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ጓደኛዬ በየሃምሳ ሜትሩ ይቆም ጀመር። አንዴ ውሃ ይጠጣል፣ አንዴ ማርሹን ይነካካል፣ አንዴ ደግሞ ዝንጀሮ አየሁ ይላል። ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና መነሣት እኔን ያበሽቀኛል። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። "ላይ እጠብቅሃለሁ" ብዬ ጥዬው ሄድኩ።

ላይ ደርሼ፣ ሳይክሌን ግራር ላይ አስደግፌ፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየሁ ሙዝ በላሁ። ሁለተኛም ላጥኩ። ላቤ ደረቀ። እንጨት በጀርባዋ የተሸከመች ሴት በጠባቧ መንገድ ከታች ብቅ አለች። ከሸክሙ ሥር ቀና ለማለት እየታገለች፣ "ጋሼ፣ ጓደኛሽ ታች ወድቃለች" አለችኝ።

እዚህ ከተማ ወንዱ አንቺ፣ ሴቷ አንተ ስትባል ስንት ዘመን ሰምቻለሁ። በቀይ እስክሪብቶ የዚህን ያህል ያረምኩት ስሕተት የለም። አፌ ከጆሮዬ ቀደመ።

"ወድቃለች አይባልም። ወንድ ከሆነ ወድቋል ነው። ጓደኛህ ወድቋል በይ።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ "ጓደኛህ ወድቋል" አለች።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሳይክሉን ትቼ በእግሬ ወረድኩ። ሴትዮዋም ሸክሟን ጣለች፤ ሁለት እንጨት መዝዛ ተከተለችኝ። ጓደኛዬ መንገዱ ዳር ተቀምጦ እግሩን በሁለት እጁ ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። በጋሞኛ እያባበለችው እግሩን ከእንጨቶቹ ጋር በሻሿ አሰረች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች፤ ከደኑ ሰዎች መጡ፣ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አደረሱት። እኔ የእሱን ሳይክል እየገፋሁ ከኋላ ሄድኩ። ሌላ የምረዳው ነገር አልነበረም።

እግሩ ያው የተጠገነበት ላይ ተሰብሯል። ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ሚስቱ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፤ ሰላምታዋ አጭር ነው፣ አልፈርድባትም። አፍሬያለሁ።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ጥፋቴን ለማቅለል ይመስለኛል፣ "ምነው ስትወድቅ አልጠራኸኝም?" አልኩት።

"ጠራሁህ እንጂ" አለኝ። "ደጋግሜ ነው የጮህኩት። ሲያመኝ አማርኛው ጠፋብኝና በጋሞኛ 'ድረስልኝ' እልህ ነበር።"

ሰምቼው ነበር። ሙዜን እየላጥኩ ሰምቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት በኖርኩበት አገር "ድረስልኝ" እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ፣ እንጨት ለቃሚዎች የሚጠራሩ መስሎኝ ነበር።