ወደ ግራ ላለመታጠፍ

መሞከሪያዋ አምፖል እዚህ አሜሪካ፣ ዋይሊ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ጋራዥ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች። አውራ ጣት የማታህል አምፖል ናት፤ ሁለት ረጃጅም ሽቦ ወጥቶላታል፣ ወገቧ ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ናስትሮ በሙቀት ብዛት አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። ባሸተትኳት ቁጥር አያቴ ይመጣብኛል፤ ጎማ ጎማ፣ ትንሽም ጁምዓ ጁምዓ የሚቀባውን ሽቶ ትሸታለች።

አያቴን አባባ ነበር የምንለው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ኤሌትሪክ ሲሠራ ኖሮ፣ እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ አባቴ ያኔ ወደምንኖርበት ኧርቪንግ ከተማ አመጣው። እኔ አንቱ ማለት ሳልማር አንተ ብዬው ቀረሁ። ቤታችን ውስጥ ያልተሰጠው ነገር አልነበረም፣ ከሥራ በስተቀር። ሰሃን ሊያነሳ ሲል እናቴ ከእጁ ትቀበለዋለች፤ ቆሻሻ ሊያወጣ ሲል አባቴ ይቀድመዋል። «አረፍ ይበሉ አባባ» ይሉታል ሁለቱም። እሱም ሶፋው ላይ ያርፋል። እንዲህ ሲያርፍ ሲያርፍ ድምፁ ሁሉ እየቀነሰ ሄደ።

አንድ ቅዳሜ አባባ አባቴን የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ሲተክዝ አገኘው። አባቴ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ ነበር የሚያሳድገን፤ መኪናዋ ቆመች ማለት ቤታችን ቆመ ማለት ነው። አንድ የሽቦ ጥቅል ከጭስ ማውጫው ተጠግቶ ላስቲኩ በሙቀት ተንጨርጭሯል። አባባ ጎንበስ ብሎ አየና «ውስጡ ገና አልተነካም፤ መንገዱን ልቀይርለት?» አለ። አባቴ ለአንድ ቀን እንኳ «አረፍ ይበሉ» ማለቱን ተወው። አባባ ከሰዓቱን ሙሉ ሽቦ ሲፈታ፣ ናስትሮ ሲጠቀልል ዋለ፤ ጥቅሉን ከሞተሩ አርቆ በመኪናዋ ጎን በኩል አሰረው። ሹሩባ የተሠራ ነበር የሚመስለው። እራት ላይ ሁለቴ አስጨመረ፤ እያወራም ከት ብሎ ሳቀ። አሜሪካ ከመጣ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ችግሩ የጀመረው ሰኞ ነው። አባቴ የግራ ፍሬቻ ሲያበራ ሬዲዮው ይጠፋል፤ ፍሬን ሲረግጥ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንዴ አቃስታ ዝም ትላለች። እናቴ ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሃይዌይ ላይ መብራቱ ቢጠፋብህስ? ንገራቸው እንጂ!» ትለዋለች።

«እንዴት ብዬ? ፊታቸው ገና አሁን እኮ ነው የፈካው። መካኒክ ሾፕ ብወስደው ደግሞ ሌላ ሰው እንደነካው እሳቸው በአንድ እይታ ያውቁታል።»

እንዲህ ሆነና ቤተሰቡ በሙሉ የአንድ ሽማግሌ ፊት እንዳይጠቁር ብሎ ብልሽት ደባቂ ሆነ። አባባ «መኪናዋ እንዴት ናት?» ሲል አባቴ «ወርቅ ሆናለች!» ይላል። እኔንም አፌን እንድይዝ አስጠነቀቁኝ።

ዒድ ደረሰ። ከሶላት ስንመለስ አባባ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከፊት ተቀምጧል፤ እናቴ ጭኗ ላይ የያዘችው ሀልዋ መኪናውን አውዶታል። ዘመዶቻችን ቤት ለመድረስ አንዴ ወደ ግራ መታጠፍ ብቻ ነበር የቀረን። አባቴ ግን ፍሬቻውን ላለመንካት ቀጥ ብሎ አለፈ፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝ።

አባባ በመስኮቱ አየና «ልጄ፣ ይኼን ነዳጅ ማደያ ቅድም አላለፍነውም?» አለ።

«መንገድ ተዘግቶ ነው አባባ።»

መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «አልተዘጋም! አባባ፣ የሠራኸው ነገር አልሠራም። ሌፍት ሲያደርግ ሬዲዮው ኦፍ ይሆናል፣ ላይቱም ዌርድ ነው። ሶ ዳዲ ራይት ብቻ ነው የሚሄደው!»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አባባ ቀስ ብሎ «ፓርክ አድርግ» አለ። እዚህ መጥቶ የተማራት እንግሊዝኛ ያቺው ነበረች።

ማደያው ጥግ ቆምን። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለው አባቴ «ሁለት ሳምንት ሆነው» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

«ሰው ሲሳሳት ይነገረዋል። ዝም የሚባለው እንግዳ ነው። እኔ አንተ ቤት እንግዳ ነኝ?»

የአባቴን ዓይን እንባ ሞልቶት ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ መስሎኝ አለቀስኩ። አባባ ግን ከጀለቢያው ኪስ መሞከሪያዋን አወጣ፤ ለዒድም ይዟት ነበር የወጣው። አምፖሏን ለእኔ ሰጠኝና «ስትበራ ጩሂ» አለኝ። ኮፈኑን አስከፍቶ አንዱን ሽቦ ባትሪው ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ሲያስነካ ቦግ አለች። እሱ ያሰረው ቡሎን ላይ ሲያስነካ ግን ጭል ጭል ብቻ። «ይኸው፣ ማሳው ነው!» አለ፤ ማሳ የሚለው ኤሌትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ ነው። ጥቅሉን ሲያዞር ያን ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አስሮታል፤ ቀለም ደግሞ አያሳልፍም። «የእኛ አገር መኪኖች ቀለማቸው ድሮ አልቆ ብረታቸው ነበር የቀረው፤ ማን አስታወሰው!» ብሎ ሳቀ። የእናቴን የጥፍር መሞረጃ ተቀብሎ ቀለሙን ፋቀ። አምፖሏ ቦግ ስትል ማደያው እስኪሰማ ጮኽኩ። አባቴ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ሬዲዮውም አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተለወጠ። አባባ ሰሃን ያጥባል፣ እናቴም «አባባ፣ ደግሞ የፍሪጁን በር ክፍት ተዉት?» ብላ ትቆጣዋለች። ሲቆጡት ደስ ይለው ነበር።

አሁን አባባ የለም። አባቴ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከእኔ ጋር ይኖራል። በቀደም የመኪናዬን ሽቦ አይጥ በላውና አባቴ የተበጠሰውን ቀጥሎ፣ በላይ በኩል አዙሮ አሰረልኝ። በማግስቱ አንዱ የፊት መብራት አልበራም አለ። ባለቤቴ «ዝም በይ፣ ሾፕ እንወስደዋለን። እሳቸው ይረፉበት» ብሎ አንሾካሾከልኝ። ሶፋው ላይ የተቀመጠውን አባቴን አየሁት። በዚያ ሳምንት ብቻ ስንት ጊዜ «አረፍ በል አባዬ» እንዳልኩት ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ያኔ በስምንት ዓመቴ በድፍረት ያደረግኩትን ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ፈራሁት።

ጋራዥ ገብቼ መሞከሪያዋን ከሚስማሩ አወረድኩና ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። «አባዬ፣ የሠራኸው አልሠራም» አልኩት።

«የቱ ጋ?» አለ፣ መነጽሩን እየፈለገ። ጉልበቱን ሳይዝ ነው የተነሳው።