ለኛ የታረደችው ገብስማ ዶሮ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶርዜ ላይ አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳህን አስበላኋት። ቀልዴን አይደለም። ሥራዬ «ትላንት ምን በላሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ የተባለውን መመዘንና መጻፍ ነው። እናትየው ልጅቷ የበላችውን የሚያህል ቆጮ ቆርሰው በሸክላ ሳህን አቀረቡልኝ። እኔም ከነሳህኑ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩና ቁጥሩን ጻፍኩ። ሳህኑን መጀመሪያ አስቀምጦ ሚዛኑን ዜሮ ማድረግ የሚባለውን ነገር በድንጋጤ ረስቼዋለሁ።

አመሻሽ ላይ ሱፐርቫይዘራችን ጋሽ ኤርሚያስ ፎርሞቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ቆየና መነጽሩን አወለቀ።

«አልማዝ፣ ይህቺ ልጅ ከነሳህኑ ነው እንዴ የበላችው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በማግስቱ ያንን ዳገት ተመልሼ ወጣሁና ያንኑ ቤት አንኳኳሁ። እናትየው ስቀው ስቀው ሲያበቁ «ከወደድሽው ሳህኑን ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ዜሮ ሳላደርግ ጨው እንኳ መዝኜ አላውቅም።

ሥራው ለማታውቁት ላስረዳ። በኛ አጠራር «የሃያ አራት ሰዓት» ይባላል። ልጅቷ ትላንት ጠዋት ከነቃችበት እስከ ዛሬ ጠዋት አፏ የገባውን ሁሉ ታስታውሳለች። መጀመሪያ ዝም ብለን እንሰማታለን። ቀጥለን ሰዓቱንና ቦታውን እንጠይቃለን። ከዚያ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደገባበት፣ በመጨረሻም መጠኑን። ለመጠኑ ሚዛን፣ መለኪያ ጆግ፣ የምግብ ፎቶ አልበም፣ ኩባያና ጭልፋ እንይዛለን። በፌስታል የተቋጠረ ሊጥም አለን። ሊጡ ለኩርኩፋ ነው። ኩርኩፋ ማለት የበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው፤ ቅጠሉን እኛ ሀለኮ እንለዋለን። ልጅቷ «ይህን ታህላለች» እያለች ሊጡን ታድቦለብላለች፣ እኛ እንመዝናለን።

ለምን የአሥራዎቹን ዕድሜ ልጆች ብቻ ትጠይቃላችሁ የሚለን ብዙ ነው። ሕፃን ይመዘናል፣ ነፍሰ ጡር ክትትል አላት፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን «አድጓል፣ ራሱን ያውቃል» ተብሎ ይተዋል። በአንድ ክረምት ሱሪው የሚያጥረው እኮ በዚሁ ዕድሜ ነው። ሴቷ ደግሞ የወር አበባ የምትጀምርበት፣ ደም የሚያስፈልጋት ጊዜ ነው። እና ማንም ምን በላችሁ ብሎ አይጠይቃቸውም። እኔን ሥራው ላይ ያቆየኝ ደመወዙ አይደለም፤ ሲጠየቁ የሚያወጡት ጉድ ነው።

እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንዱን ጎረምሳ ትላንት ፍራፍሬ በልተህ ነበር ወይ ስለው አንገቱን ደፋ።

«የተሰረቀም ይጻፋል?»

«ሆድህ የገባ ሁሉ ይጻፋል።»

«እንግዲያው ሰባት ማንጎ» አለኝ። የጎረቤታቸው ማንጎ ነው። ጎረቤትየው ደግሞ የኔ አክስት ናቸው! ጻፍኩ፤ ለአክስቴ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

ምዕራብ ዓባያ ደግሞ ሙዝ መሀል ተወልዳ ሙዝ መሀል ያደገች ልጅ በሳምንቱ ውስጥ አንድም ሙዝ አልቀመስኩም አለችኝ። ዙሪያዋን እያየሁ «ይሄ ሁሉ ሙዝ እያለ?» አልኳት። «እሱማ የመኪናው ነው» አለችኝ፣ እንዴት ይህ ይጠፋሻል በሚል ዓይን። ጭነት መኪናው በየሳምንቱ መጥቶ ይወስደዋል። ለካ እዚያ ያለ ልጅ ሙዝን እንደ ምግብ አያየውም።

አሁን ወደ ገብስማዋ ልምጣ። ይህን ታሪክ በስብሰባ ላይ ተናግሬው አላውቅም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ከምዕራብ ዓባያ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ቀበሌ ልንሄድ ነው። ጋሽ ኤርሚያስ የቀበሌው ፈቃድ ስለወጣልን ዝም ብለን እንግባ አለ። እኔ አሻፈረኝ አልኩ። «ሳይነግሩ ሰው ቤት መግባት በኛ ነውር ነው። እናቶቹ ቤታቸውን ሳይጠርጉ፣ ልጆቻቸውን ሳያጥቡ ብንደርስባቸው ያፍራሉ። ቀኑንም፣ የምንጠይቀውንም ይወቁት» ብዬ ተሟገትኩ። እሺ አለኝ። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ዞራ ተናገረች፦ ሐሙስ እንመጣለን፣ ልጆቹ ረቡዕ የበሉትን ይጠየቃሉ።

ሐሙስ ደረስን። የመጀመሪያዋ ልጅ ዶሮ ወጥ አለችኝ። ሁለተኛዋም ዶሮ። ሦስተኛዋ እንቁላል በቅቤ። ሌሎቹ መረጃ ሰብሳቢዎችም ሥጋ፣ አይብ፣ ዶሮ ሲጽፉ አረፈዱ። ጋሽ ኤርሚያስ ጥላ ስር ቆሞ ፎርም እየተቀበለ ፊቱ በርቷል። «እንዲህ የሚበላ ቀበሌ አይቼም አላውቅ» አለ።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የቀበሌው ሰው ፕሮቴስታንት ስለሆነ ረቡዕን አይጾምም፤ ግን በዓል የለ፣ ሠርግ የለ፣ ተራ ረቡዕ ነው። ይህ ሁሉ ዶሮ ከየት መጣ?

አራተኛዋ ልጅ ምስጋና ትባላለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ብቻ የሚያወራ። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ወይዘሮ አስካለች ቤተ ክርስቲያናቸውን ያጸዳሉ፣ ከጓሯቸው ያገኙትንም ይሸጣሉ። እናቷ ጓዳ ናቸው፣ እኛ ደጅ ማንጎው ስር ተቀምጠናል። ጉንጯ ገርጥቶ ስላየሁት አሞሽ ነበር ወይ አልኳት።

«ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ወደቅኩ። ጤና ጣቢያ ደም አንሷታል አሉ። ኪኒን ሰጡኝ፣ ጥሩ ትብላ ብለውም ለእናቴ ነገሯት። ከዚያ በኋላ እናቴ እንቁላሉን መሸጥ ተወች፤ በአንድ ቀን ልዩነት ለኔ ትቀቅልልኛለች።»

ረቡዕ የበላችውን ዘረዘረች። ዶሮ ወጥ፣ ጠዋትም ማታም። እንዴት እንደተሠራ፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ከዚያ የሳምንቱ ጥያቄዎች መጡ።

«በሳምንት ስንት ቀን እንቁላል ትበያለሽ?»

ሊጡን በጣቷ ስትደቁስ ቆየች።

«እስከ ትላንት ነው የምትጠይቂኝ፣ ወይስ ከዛሬ ጀምሮ?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«የታረደችው ገብስማዋ ናት። የምትጥለው እሷ ብቻ ነበረች።»

«ለምን ታረደች?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅኩት።

«ትላንት ምን በላሽ ልትሉኝ አይደል? እናቴ ምን ትበል?»

ለካ ወይዘሮ አስካለች በሩ ላይ ቆመው ሰምተውናል። በጋሞኛ ነው ያናገሩኝ። «የሰው ልጆች ሁሉ ዶሮ ሲያስጽፉ የኔ ልጅ ስም ከሀለኮ ጋር ብቻ ይጻፍ? አባት የላትም፣ ምግብም የላትም ይበሏት?» አሉ። አልተቆጡም፤ እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገሩት። እኔ ግን አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። የልጅቷን እንቁላል የጨረስነው እኛ ነን። ያስጨረስኩትም እኔ፣ በጨዋነቴ!

ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ትላንት እንደ ወትሮው ቀን ነበር?» የሚል ጥያቄ አለ። ሦስቱም ልጆች አዎ ብለውኝ ነበር። ምስጋና «አይደለም» አለች። ከዚያች ቀበሌ በዚያ ቀን የጻፍኩት እውነት እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ማታ መኪና ውስጥ ከጋሽ ኤርሚያስ ጋር ተያያዝን። መረጃው ምንም አልጎደለውም፣ ማስታወሻ አስቀምጪበት አለኝ።

«ምን ብዬ ነው የማስቀምጠው? ዶሮዋን ያስበላናት እኛ ነን ብዬ? ዛሬ ዶሮ ጻፍን። እንደ ደንቡ ለሁለተኛው ዙር ሌላ ቀን ተመልሰን ባዶ እንጽፋለን። ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ስታካፍለው ምስጋና ደህና የምትበላ ልጅ ሆና ትወጣለች። ይሄ ነው ምንም ያልጎደለው?»

ጋሽ ኤርሚያስ ብዙ ተናጋሪ አይደለም። አርባ ምንጭ ስንገባ «የሐሙሱ በሙሉ ይሰረዝ። ሳንናገር ተመልሰን እንደገና እንጠይቃለን» አለ። የአንድ ቀበሌ ሥራ መሰረዝ ለሱፐርቫይዘር ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ለአለቆቹ ያስረዳው እሱ ነው። ስሜን ግን አላነሳም።

«ነገ ሲቀላ ዶሮ ልገዛላት ነው» አልኩት።

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ደግመሽ ሳትጠይቂያት ዶሮ ከሰጠሻት ሁለተኛውም የኛ ምግብ ይሆናል። ፎርሙ እስኪዘጋ ማንም ምንም አይሰጥም።»

አበድኩ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ እስከማለት ደርሻለሁ። እሱ ግን ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ዋጥ አደረግኩት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሳንናገር ገባን። ምስጋና ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘኋት። ሳታመነታ ዘረዘረች። ጠዋት ኩርኩፋ ከሀለኮ ጋር፣ ቀን ምንም፣ ማታ ኩርኩፋ። ሊጡን አድቦልቡላ ሰጠችኝ፤ መዘንኩ።

«በሳምንቱ ውስጥ እንቁላል?»

«የለም። የለም ብለሽ ጻፊው።»

ጻፍኩ። ይህኛው ፎርም እንከን የለውም፣ ሚዛኑም ዜሮ ተደርጓል። ግን በውስጡ የጎደለው እንቁላል በኛ ምክንያት የጎደለ ነው፤ ይህን የሚያስገቡበት ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም።

ጋሽ ኤርሚያስ የቀበሌውን ፎርሞች አይቶ በፈረመ በማግስቱ ሲቀላ ገበያ ወርጄ መጣል የጀመረች ቀይ ዶሮ ገዛሁ። እግሯን አስሬ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ረዳቱ «ሲስተር፣ ዶሮዋም ወንበር ይዛለች፣ ሒሳብ!» እያለ እስክንደርስ ቀለደብኝ።

ወይዘሮ አስካለች ዶሮዋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ያረድኩት እንድትከፍሉኝ መሰለሽ?»

«ክፍያ አይደለም፣ እናቴ። እንግዳ ሆኜ የልጅዎን በላሁባት። በሞቴ ይቀበሉኝ።»

ዶሮዋን አገላብጠው አዩ፣ ክንፏን ዘረጉ፣ ሆዷን ዳሰሱ። ዶሮ አዋቂ ናቸው። «ይህቺስ ትጻፋለች?» አሉኝ።

«አትጻፍም። ፎርሙ ተዘግቷል።»

እንደዚያ ከሆነ እሺ ብለው ፈቷትና ጓሮ ለቀቋት። ምስጋና እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ሚኒባስ ስንጠብቅ ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች።

«ሲስተር፣ ሌላ ጊዜ ስትመጡ እናቴ እንዳትሰማ።»

ሳቅኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አለቀስኩ፤ ረዳቱም ያን ጊዜ አልቀለደም።

ዛሬ ፎርሙ በታብሌት ሆኗል፣ ሚዛኑም ራሱን ዜሮ ያደርጋል፤ ማንም ልጅ ሳህን አይበላም። አዲስ መረጃ ሰብሳቢዎችን የምታሰለጥኑ ካላችሁ ይህን ንገሯቸው፦ ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀኑን ግን አትናገሩ። ሰው ቤት ስትገቡ ከመመዘናችሁ በፊት ለእናንተ ተብሎ ምን እንደተሠራ ጠይቁ። ፎርሙ ሳይዘጋም ምንም አትስጡ። እኔ ሕጉን ጠብቄ ዐሥራ ሁለት ቀን ከዚያም በላይ ቆይቻለሁ፤ ልክ ነበርኩ፣ አሁንም ይቆጨኛል።