የአንገት ቱቦ ያጋለጠው አንድ ሊትር ውሃ

ከአሰላ የተነሣሁት ኅዳር ውስጥ በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ለሽርሽር አልነበረም። የታናሽ ወንድሜ የብርሃኑ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እህታችን ስንዱ አንዱን ኩላሊቷን ልትሰጠው ሁለቱም አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ከገቡ ሰንብተዋል። የኔ ደም አልገጠመም ተባልኩ። መስጠት ካልቻልኩ ላስታምም ብዬ ከምሠራበት የውሃ አገልግሎት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስጠግንና የውሃ ግፊት ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ በኋላ በደንብ እንድታፍሩልኝ ነው።

መንገድ

ሚኒባሱ ሲሞላ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሾፌሩ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ካልከፈላችሁ አልንቀሳቀስም አለ፤ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ከፈልን። ኢተያ አካባቢ ኮምባይነሮች ስንዴው ውስጥ ገብተው አቧራውን ያቦኑታል። ደራን አልፈን ወደ አዳማ ስንወርድ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። አዳማ ላይ ፉል በዳቦ በላሁ፤ ዘይቱ የበዛ፣ ቃሪያው ግን የሚያስመሰግን ነበር። ከዚያ በፈጣን መንገዱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በታክሲ መርካቶ፣ ከመርካቶ በሌላ ታክሲ ጉለሌ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስወርድ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ካፖርቴንም መልሼ ለበስኩት፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ቀልድ አያውቅም።

ያቺ አንድ ሊትር

ብርሃኑ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ሊገባ፣ የመጨረሻውን የኩላሊት እጥበት ጨርሶ አልጋው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ፊቱ ገርጥቷል። ስንዱ በሴቶች ክፍል ናት፤ እሷ ግን ያገር ወሬ ጠያቂ ሆና ነበር የጠበቀችኝ።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት ነርስ የታሸገ ውሃ ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ ዛሬ በእጥበቱ ፈሳሽ ትንሽ በዝቶ ወጥቶበታል። እስኪተኛ ድረስ ይቺን አንድ ሊትር ይጨርስ።"

"እሺ ሲስተር" አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

አሁን የኛን ቤት ነገር ልንገራችሁ። ሽንት የማይሸና ሰው የጠጣው ውሃ የት ይሄዳል? ሰውነቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ለብርሃኑ ውሃ የሚለካለት በሻይ ብርጭቆ ነበር፤ በቀን አራት። ሾርባም ይቆጠራል፣ ብርቱካንም ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት ሰው ሳያየው ጠጥቶ ሳንባው ውሃ ቋጠረ፤ ትንፋሽ አጥሮት ዓይኑ ሲፈጥ አዳማ ድረስ ታቅፌው ሄጃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤቱ የውሃ ዘበኛ እኔ ነኝ። እና ትናንት የተመረቀች የምትመስል ልጅ መጥታ አንድ ሊትር አጠጣው ትለኛለች! ወንድሜን አታውቀውም፣ ተሳስታለች አልኩ በሆዴ።

"ጋሼ፣ ሰምተሃታል አይደል? ሙሉውን ነው ያለችው" አለ ብርሃኑ።

"ሰምቻለሁ። አንድ ብርጭቆ ይበቃሃል።"

"ኧረ ተው! ምላሴ ተጣበቀ እኮ።"

"ነገ ስትድን ወንዙን ትጠጣዋለህ።"

አንድ ብርጭቆ ሰጠሁት። የቀረውን የእጅ መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። ነርሷ ተመልሳ "ጨረሰ?" ስትል ባዶውን ጠርሙስ እያሳየሁ "ጨረሰ" አልኳት። ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ብርሃኑ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኛ ቤት ታናሽ ታላቁን ሰው ፊት አያጋልጥም፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከቃሌ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ለነፍሱ የቆምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ስንዱን ቀድመው ወሰዷት። በአልጋዋ ላይ ሆና "ጋሼ፣ ብሞት ነጠላዬን ለማንም እንዳትሰጥብኝ" ብላ አሾፈችብኝ። ቀጥሎ የብርሃኑ ተራ ደረሰ። የማደንዘዣ ሐኪሟ፣ ረጋ ያለች ሴት፣ ከመግባታቸው በፊት ነገሩን አስረዳችኝ። በአንገቱ በስተቀኝ ባለው ትልቅ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል። በቱቦው የደሙ ግፊት እስክሪን ላይ በቁጥር ይታያል። ቁጥሩ ሰውነቱ ፈሳሽ ጎድሎት እንደሆነ ወይም በዝቶበት እንደሆነ ይጠቁማቸዋል።

"እንደኛ የቧንቧ ግፊት መለኪያ፣ ማኖሜትር ነው በሉኛ!" አልኳት።

"እንዳሉት ነው" ብላ ሳቀች። ወይ ኩራቴ! የባለሙያ ወግ ያወጋን መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ሐኪሟ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ወጣች። "የብርሃኑ ቤተሰብ!" ስትል ሮጬ ፊቷ ቆምኩ።

"አይደንግጡ፣ ደህና ነው" አለችኝ። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግፊቱ ሁለት ላይ ነው። አዲሱ ኩላሊት ሲገጠም አሥር ግድም ነው የምንፈልገው፤ ካልሆነ ኩላሊቱ በቂ ደም አያገኝም። ትናንት ማታ አንድ ሊትር እንደጠጣ ተጽፏል። አስመልሶታል? ተቅማጥ ነበረው?"

"አይ... ማለቴ... መለኪያው ከልቡ ትይዩ ነው? ከፍ ብሎ ከተሰቀለ እኮ አሳንሶ ነው የሚያነበው።"

በእግዚአብሔር! ወንድሜ ተኝቶ እኔ መሣሪያ ላይ አሳብባለሁ።

"ሁለት ጊዜ አስተካክለነዋል" አለች። "ውሃው ገብቶ ቁጥሩ እንዲህ ከሆነ ሌላ ችግር መፈለግ አለብን፤ የሚደማ ቦታ አለ ወይ፣ ልቡስ ደህና ነው ወይ ማለት ነው። ዝም ብዬ ብዙ ፈሳሽ ብሰጠው ደግሞ ሳንባው ላይ ይወጣል። እህትየውን ጀምረዋታል፤ ጊዜ የለንም።"

ስንዱ ተቀድዳለች። ኩላሊቷ ሊወጣ ነው።

"ዶክተር፣ አልጠጣም" አልኩ። "እኔ ነኝ የከለከልኩት። ውሃውን ደፍቼው ጠጣ ብዬ ዋሸሁ።"

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። "በቃ፣ ገባኝ" ብላ እየተጣደፈች ተመለሰች። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ

ከዚያ በኋላ ያለፈውን ሰዓት ለጠላቴም አልመኝም። የሁለት ሰው ሥጋ በኔ እልከኝነት አንድ ቀን ሊጠፋ ነው እያልኩ ኮሪደሩን ወዲያ ወዲህ አልኩት። ባሏን የምትጠብቅ አንዲት የቀጨኔ ሰፈር ሴት ቢሰለቻት "አባቴ፣ አረፍ በሉ እንጂ፤ እኛንም አሸበሩን!" አለችኝ። ተቀመጥኩ። ቆሎ ዘገነችልኝ፤ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም። ሁሉንም ነገርኳት። "ይሁን፣ ዋናው መናገርዎ ነው" አለችና የወንድሜን ስም ጠይቃ ለሱም መጸለይ ጀመረች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሟ ወጣች። ፊቷን ሳይ ነው ልቤ የተመለሰው።

"ፈሳሹን ቁጥሩን እያየን ጥቂት በጥቂት ሰጠነው፤ አሥር ላይ ደረሰ። ኩላሊቱ ደም ሲለቀቅለት ቀላ፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሽንት ሰጠ። እህትዎም ደህና ናት።"

"ሸና?"

"ሸና።"

ሦስት ዓመት ጠብ ያላለ ሽንት! የቀጨኔዋ ሴት ኮሪደሩን በእልልታ አናወጠችው። ጥበቃው "ኧረ እናቴ፣ ሆስፒታል ነው!" እያለ እየሮጠ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ እሱም እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቆሎውን የበላሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የይቅርታ ቀናት

ነርሷን ፈልጌ አገኘኋት። ይቅርታ ስላት አንገቷን ደፋች። "ጋሼ፣ 'ፈራሁ' ቢሉኝ እኮ ይበቃ ነበር። ቁጭ ብዬ አስረዳዎት ነበር" አለችኝ። በልጅነቷ ንቄያት ነበር፤ እሷ ግን ሳትቆጣኝ ቀረች።

ለስንዱና ለብርሃኑ የነገርኳቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ስንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታለች።

"ኩላሊቴን በጥማት ልትገድልብኝ ነበር በለኛ!" አለች። "እኔ ተቀድጄ የሰጠሁትን!"

"ምንም ብትይኝ ይገባኛል።"

ብርሃኑ አንገቱ ላይ ፋሻ እንደተለጠፈ ቀስ ብሎ "የኔም ጥፋት ነው። ጥሜን አውቀዋለሁ፤ ግን ሰው ፊት ላዋርድህ አልቻልኩም" አለ።

"ከዛሬ ጀምሮ አዋርደኝ" አልኩት።

በሰባተኛው ቀን ቅልል ብሎኝ ከሆስፒታሉ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወጣሁ። ጥዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውን እያየሁ ሁለት ሰዓት ተንሸራሸርኩ። ከላይ ሆኜ ሆስፒታሉን ፈለግሁ፤ ከጣሪያው ብዛት መለየት አቃተኝ። ስወርድ ሽሮ በሰማንያ ብር በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

መመለስ

አሰላ ቤት ስትጠብቅ የቆየችው የብርሃኑ ባለቤት መጥታ ተካችኝ። ለክትትሉ ቀጨኔ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ቀሩ። እኔና ስንዱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ አሰላ ተሳፈርን። ሾፌሩ መኪናዋን ባንገጫገጫት ቁጥር ስንዱ ጎኗን ይዛ "ቀስ በል ወንድሜ፣ ስፌት ላይ ነኝ!" ትለዋለች። አዳማ ላይ ውሃ ልግዛልሽ ብላት "ካልደፋኸው ግዛ" አለችኝ። ይህ ቀልድ ዕድሜ ልኬን እንደሚከተለኝ ያኔ ገባኝ።

ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ሊለን ተሰብስቧል። ጉዞው ምን አስተማረህ ላላችሁኝ መልሴ አጭር ነው። ሐኪም ያዘዘው ካስፈራኝ ፈራሁ እላለሁ፤ በልቤ ሌላ ይዤ በአፌ እሺ አልልም። የወደድኩት ሰው ላይ በፍቅር ስም የዋሸሁት ውሸት ሊገድለው ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ላብ ያጠምቀኛል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ብርሃኑ ደወለ። ስንዱ አጠገቤ ተጋድማለች። ሦስት ሊትር በቀን ጠጣ ብለውት ሁለተኛውን እንደጀመረ ነገረኝ። ስለ መድኃኒቱ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ቆይ ቆይ ጋሼ፣ አሁን አላዋራህም!" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

"ምን ሆነ?" አለች ስንዱ ደንግጣ።

"ሽንቱ መጣበት" አልኳት።

ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች።