የእናኑ ቄቦች

ባለፈው ሰሞን ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ደሳለኝ ስልኩን ይዞ መጣ። ደሳለኝ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ሲነዳ ከርሞ አሁን በጓሮው ቄብ ዶሮ ማርባት ጀምሯል። ፎቷቸውን አሳየኝ። የወፈሩ፣ ላባቸው የሚያብረቀርቅ፣ ያማሩ ናቸው። ችግሩ እንቁላል አይጥሉም።

«ጋሼ፣ ጊዜያቸው ደርሷል እኮ» አለኝ። «ስልክ ላይ ያላየሁት የለም። አንዱ መብራት አብራላቸው ይላል፣ አንዱ አጥፋባቸው ይላል።»

የገረመኝ ከዶሮዎቹ ይልቅ እሱ ነው። እኔ ወጣት በነበርኩበት ጊዜ በእኛ አገር ጢም ያበቀለ ሰው ስለ ዶሮ አይጨነቅም። ከብት የወንድ ነው፣ ዶሮ የሴት። ወንድ ዶሮ የሚነካው ሊያርድ ሲል ብቻ ነው። ዛሬ ነገሩ «እርባታ» ተባለና ስሙ ሲለወጥ ሐፍረቱም አብሮ ቀረ። እኔ ግን ሐፍረቱ ገና ሳይቀር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆኜ ቄቦችን ለማስጣል ስደክም ያሳለፍኩት አንድ የሁዳዴ ጾም አለኝ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሮብ ገበያ አስተማሪነት ነበር። ብርዱን የማያውቅ ሰው ሲነግሩት አያምንም። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ጣቴን ያደርቀውና ጠመኔው ከእጄ እየወደቀ ተማሪዎቼን ያስቃቸው ነበር። የተከራየሁት ክፍል የየኔታ ጥበቡ ነበር። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለቆሎ ተማሪ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ድምፃቸው ሲደክም ወንበሩን ለሌላ የለቀቁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን እትዬ እናኑን ብዙ አላውቃቸውም። ድንች ቀቅለው በአዋዜ ሲልኩልኝ ነው የማስታውሳቸው። እኔ በገባሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ አዝመራው ሲታጨድ፣ ታመው ሞቱ። ሲሞቱ ለባላቸው የተናገሩት ስለ ርስት ወይም ስለ ፍታት አልነበረም። «ቄቦቹን አደራ» ነው ያሉት።

ቄቦቹ አራት ነበሩ፤ በዚያው ዓመት እትዬ እናኑ ያስፈለፈሏቸው። በለቅሶው ሳምንት በር የሚዘጋ ሰው ጠፍቶ እናታቸውን ሸለምጥማጥ በላት። ከዚያ ወዲያ የኔታ ፈሩ። ቄቦቹን ጓዳ አስገብተው ዘጉባቸው፤ መስኮቱንም በጨርቅ ጠቀጠቁት። ገብሱን ግን አልነፈጓቸውም። እሳቸው በቀን አንዴ እየበሉ ለቄቦቹ ሦስቴ ይበትኑላቸው ነበር።

ከእትዬ እናኑ ዕቃ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁላል የሚያክል ነጭ ድንጋይ። ከጭድ ጋር እንቅብ ውስጥ አገኙት። «ከገዳም ያመጣችው በረከት ይሆናል፤ እሷ መቼም ያየችውን ሁሉ አትነግረኝም» አሉኝ። ከእትዬ እናኑ ነጠላ ጥለት በቀደዱት ጨርቅ ጠቅልለው ከዳዊታቸው አጠገብ አኖሩት። ጎህ ሲቀድ ዳዊቱን ደግመው ሲጨርሱ ጨርቁን ይፈቱና ድንጋዩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ግንባራቸውን ይነካሉ። ግድግዳችን ቀዳዳ የበዛበት ጭቃ ስለነበር ድምፁም ይሰማኝ፣ እንቅስቃሴውም ይታየኝ ነበር። የሰው ሐዘን የራሱ ነው።

በቅበላ ልጃቸው ጥሩወርቅ ከማርቆስ መጣች። ትዳር የያዘች፣ ቆፍጣና፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት። ቤቱን ዞራ አየችና የሻገተ እንጀራ፣ ያልታጠበ ድስት፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ በጨለማ የተደረደሩ የወፈሩ ቄቦች አገኘች።

«አባባ፣ እዚህ ብርድ ላይ ብቻዎን አይከርሙም» አለች። «ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ቤቱ ይከራያል።»

«ቄቦቹስ?»

«የማይጥል ዶሮ ምን ያደርግልዎታል? ለዛሬ ይታረዱና በቅበላ እንብላቸው።»

«እናትሽ አደራ ብላኛለች» አሉ የኔታ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

ጥሩወርቅ ድስቱን እያጠበች ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ ይቆዩ። ከጣሉ እርስዎ ቤት ማስተዳደር ይችላሉ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አልጨቀጭቅዎትም። ካልጣሉ ግን የፋሲካን ወጥ በእነሱ ነው የምሠራው፤ በማግስቱም ዕቃዎን ጭነን እንሄዳለን።»

የኔታ እሺ አሉ። ሰውዬው ከዚያ ቤት ወጥተው የትም ኖረው አያውቁም። ምሰሶው የቆመው በእጃቸው ነው፤ ሚስታቸው የተቀበሩበትም ቤተ ክርስቲያን ከበሩ ላይ ይታያል። ማርቆስ ሄደው ምን እንደሚሆኑ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የሰው ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጅ ሲጮኽ «ዝም በል» የሚሉ ሰው ይሆናሉ። እኔም ቤቱ ለሌላ ሲከራይ ከክፍሌ እንደምነሣ አላጣሁትም።

ዙሪያችን ሁሉ ሴት ነው። አንዷን ጠይቆ መገላገል ይቻል ነበር። የኔታ ግን በፍጹም አሉ። «ድጓ ሲያስተምር የኖረ ሰው ዶሮ እንዴት ትጥላለች ብሎ ጠየቀ ይበሉኝ?» እኔም ገና ጎረምሳ መምህር ነኝና ወሬው ተማሪዎቼ ጆሮ እንዳይገባ ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ወንዶች በራችንን ዘግተን ስለ ዶሮ መከርን።

የኔታ ነገሩን በለመዱት የአንድምታ መንገድ ተረጎሙት። «አንድም እናታቸው ተበልታባቸው አዝነው ነው። አንድም እናኑን አጥተው ነው። አንድም መኖው አንሷቸው ነው። አንድም ጊዜያቸው አልደረሰም።» አራት ትርጓሜ ተገኘ፣ እንቁላል ግን አልተገኘም። በሦስተኛው ትርጓሜ መሠረት ገብሱን ጨመሩላቸው፤ ቄቦቹም ይበልጥ ወፍረው ከቆጣቸው መውረድ ሰነፉ።

በጾሙ መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀን ሲዘጋ ጉንደ ወይን እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ኑግ ስታበጥር አገኘኋትና የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋት።

«ፀሐይ ያያሉ?» አለችኝ።

«አያዩም። አውሬ ፈርቶ ዘግቶባቸዋል።»

«ታዲያ መሽቶባቸዋላ። በሌሊት ማን ይጥላል?»

ወንፊቷን ሳታስቀምጥ ሌላውንም ነገረችኝ። ቀን ይውጡ፣ ይጫሩ፣ አመድ ላይ ይንከባለሉ። ጥሬው ይቀነስ፣ በምትኩ ዘይቱ የወጣለት የኑግ ፋጉሎና ጎመን ይሰጣቸው። ጨለም ያለ ጥግ ላይ ጭድ የተነጠፈበት እንቅብ ይቀመጥላቸው፤ ውስጡም ቦታውን እንዲለምዱት አንድ እንቁላል ይኑርበት። ጀርባቸውን ሲነኳቸው ቁጢጥ ካሉ ደርሰዋል ማለት ነው። «ሰውዬው ግን ሚስት የለውም?» አለችኝ በመጨረሻ። ሞታበት ነው አልኳት። ወንፊቷን አቆመች። «እኔ እንደነገርኩህ እንዳትነግረው» አለችና አንድ አቁማዳ ፋጉሎ ሰጠችኝ።

የኔታን ጓዳውን ማስከፈት ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ በሩን ከፈቱና መቋሚያቸውን ይዘው ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥበቃ ጀመሩ። መንገደኛ ፀሐይ የሚሞቁ ይመስለዋል። ዐይናቸው ግን ሰማዩ ላይ ነው፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ መቋሚያቸውን ያነሣሉ። እንዲህ ሲጠብቁ ሰንብተው አንድ ቀን አንድ ቄስ ሲያልፉ መስቀል ለመሳለም ብድግ አሉ። ቀና ሲሉ አንዷ ቄብ የለችም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስቱን ጓዳ አስገብተው ዘግተው፣ በሩ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። «አደራ በላ ሆንኩ» አሉኝ። ሳያቸው በጣም አዘንኩ።

«የኔታ፣ ከተዘጋባቸው እኮ ለፋሲካ ጥሩወርቅ ታርዳቸዋለች» አልኩ።

ከበሩ ቀና አሉ። «ጭልፊት አንድ ነው የወሰደው» አሉ። «ጥሩዬ ሦስቱንም ነው የምትወስደው።» በማግስቱ በሩ ተከፈተ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር እንቅቡ ውስጥ የሚቀመጠው እንቁላል ነው። በሁዳዴ፣ ያውም በረቡዕ ገበያ መሐል፣ የኔታ ጥበቡ እንቁላል ሲገዙ ታዩ ማለት ከነነፍሳቸው ከማኅበሩ ወጡ ማለት ነው። እኔ ብገዛም ለእሳቸው እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ከድንቹ መካከል ነጣ ያለና ድቡልቡል መረጥን። ሮብ ገበያ ድንች አይጠፋም። ቄቦቹ እንቅቡን እየገቡ ድንቹን በአንገታቸው አዙረው ያዩትና ይወጣሉ። ቆየት ሲል ድንቹ በጭዱ ሙቀት አቆጠቆጠ። የኔታ በቢላ ላጭተው መለሱት፤ ደግሞ ሲያቆጠቁጥ ቀየሩት።

የቄቦቹ አናት ላይ ያለው ሥጋ እየቀላ መጣ። የኔታ ማታ ማታ የእያንዳንዷን ጀርባ በመዳፋቸው ጫን ያደርጋሉ። አንድ ምሽት በግድግዳው በኩል «መምህር፣ ቁጢጥ አለች» ሲሉኝ ሰማሁ።

የመጀመሪያው እንቁላል ግን ቅርፊት አልነበረውም። ልፍስፍስ ያለ፣ በጣት ሲነኩት የሚያፈገፍግ ነገር ነው። የኔታ በቅጠል ይዘው ሲያሳዩኝ ያረገዘች ሴት ያስወረዳት ያህል አዝነው ነበር። የእንቁላል ቅርፊት ወቅጦ ማብላት እንደሚጠቅም ሰምቼ ነበር፤ በጾም ቅርፊት ከየት ይመጣል? አጥንትም ያው ቅርፊት አይደል ብዬ፣ ጾም ስለሆነ ከተዘጋው ሥጋ ቤት ጀርባ ውሾች የተዉትን ደረቅ አጥንት ለቀምኩ። ሁለት ተማሪዎቼ አዩኝ። ለሳይንስ ትምህርት ነው አልኳቸው። እሳት ላይ አመድ እስኪመስል አቃጥለን ወቀጥነውና በፋጉሎው ላይ ነሰነስንላቸው።

ከደብረ ዘይት በኋላ ባለ አንድ ጠዋት የኔታ ሳያንኳኩ በሬን ከፈቱ። መዳፋቸው ላይ ትንሽ፣ ቡናማ፣ በጎኑ ቀጭን የደም መስመር ያለበት እንቁላል ነበር። ሙቀቱ አልወጣለትም። ሁለታችንም ልንበላው አንችልም። ገብሱ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም ጀመሩ፤ ገብሱ ውስጥ የሚቀበረውም በየቀኑ በዛ።

በቀዳም ሥዑር ጥሩወርቅ መጣች። ሽንኩርቱን ከትፋ፣ በርበሬውን ይዛ፣ የጎረቤት ወንድ ልጅ ቢላ ይዞ እንዲመጣ በመንገዷ ነግራ ነው የመጣችው። የኔታ ሰላም ብለዋት ወደ ገብሱ ሄዱ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ገብሱ ውስጥ አግብተው አንድ እንቁላል አወጡ፤ ነጠላቸው ላይ አስቀመጡት። ሌላም አወጡ። ደጋግመው አወጡ። ጥሩወርቅ ቆማ ታያለች። ነጠላው ሲሞላ ሽንኩርቷን መሬት አስቀመጠች። አራተኛዋ የት እንደሄደች እንኳ አልጠየቀችም።

ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን እንቅብ አጎንብሳ አየችና ድንቹን አነሣች። «ይኼ ምንድን ነው?»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ፣ እኔ ወደ በሩ። ነገሩን እኔው ነገርኳት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ግድግዳ ይዛ ነው የሳቀችው። «ምነው የእማዬን ድንጋይ ጣላችሁት?» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «ነጭ፣ እንቁላል የሚያክል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዶሮ የምታስጥለው በእሱ ነበር። ወንዝ ዳር ያገኘችው ነው።»

እኔ ወደ ዳዊቱ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። የኔታ ቀስ ብለው ተነሥተው ጨርቁን አመጡና እጇ ላይ ፈቱት።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው!» አለች። አባቷ ሲያደርጉት የከረሙትን አታውቅም። ድንጋዩን በቀሚሷ ጠረግ አደረገችና እንቅቡ ውስጥ ጣል አድርጋ ሽንኩርቷን አነሣች። ለወጡ ከገበያ አውራ ዶሮ ተገዛ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በወጡ ውስጥ የበላሁት እንቁላል የኛው ነበር፤ ከማውቃቸው እንቁላሎች የተለየ ጣዕም አልነበረውም።

ጥሩወርቅ ቃሏን ጠብቃ ብቻዋን ተመለሰች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዴ በግድግዳው በኩል ዳዊቱ ሲደገም ሰማሁ። ሲያልቅ ጨርቅ የሚፈታ የለም። በምትኩ በሩ ሲንቋቋ ሰማሁና በቀዳዳ አየሁ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንቅቡ አጠገብ አጎነበሱ። እጃቸውን ከተቀመጠችው ዶሮ ሥር ሰደዱ። ዶሮዋ አልደነገጠችም። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን አወጡና ግንባራቸውን ነኩ። እንቁላል አልያዙም ነበር። እኔ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ አንድም ጠዋት አላቋረጡም።

ደሳለኝን ዶሮዎቹ ፀሐይ ያያሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሌባ ፈርቶ ቆርቆሮ በቆርቆሮ አድርጎ ነው የዘጋባቸው። መሽቶባቸዋል አልኩት፤ ሌላውንም እናቴ እንደነገረችኝ ነገርኩት። እንቁላል ከሱቅ እገዛለሁ ቢለኝም አንድ ድቡልቡል ድንች ከማድቤት አውጥቼ አስያዝኩት። እየሳቀ ሄደ።

የኔታ በዚያው ቤት እንዳረፉ ሰምቻለሁ። ድንጋዩ የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔም ዕድሜዬ ገፍቷል፤ መሳቢያዬ ውስጥ በሩ ከፈረሰ ብዙ ዘመን የሆነው አንድ የነሐስ የበር እጀታ አለ። ለምን እንዳስቀመጥኩት ረስቻለሁ። ከእኔ በኋላ ባለቤቴ አግኝታው ትልቅ ነገር ነው ብላ በጨርቅ ትጠቀልለው ይሆናል። ልነግራት አስቤ ነበር፤ ተውኩት።