ከስልኩ ያነሳሁት ሰው

የቀናሁበትን ሰው የቀጠርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ድርጅታችን የሳይበር ደህንነት ቡድኑን እንድመራ ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ ሲልከኝ አምስት ሠራተኞች እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። እሱ አምስተኛው ነው። ባቲ ውስጥ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማረ፣ ኮምፒውተሩን በራሱ ጥረት የተማረ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ ሰው። በፈተናው ካለፉት ሁሉ ያነሰ ነጥብ አመጣ። «ይሁን፣ ረጋ ያለ ሰው ይመስላል» ብዬ ፈረምኩለት። ሁላችንም «መምህር» እንለው ነበር።

ሥራችን የደንበኛ ድርጅቶችን ኮምፒውተሮች ከሩቅ መጠበቅ ነው። እንግዳ ሰው በአንዱ ሠራተኛ ኢሜይል ሲገባ ወይም ቫይረስ ሲታይ ስክሪናችን ላይ ቀይ ምልክት ይበራል። ያኔ ቶሎ ደውለን ምን እንደተፈጠረ እናጣራለን። ስክሪኑን በማንበብ ማንም አይደርስብኝም ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ያለኝ ችሎታ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው።

ሰው ሲጠይቀኝ የከሚሴ ልጅ ነኝ እላለሁ። ከከሚሴ የወጣሁት ግን በሰባት ዓመቴ ነው። ኦሮምኛ ሲወራ እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ስመለስ አገሬው እንደ ልጁ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። የተቀበለኝ ግን ከዋናው ቢሮ እንደመጣች አለቃ ነው፤ በአክብሮት፣ ከሩቅ።

አንድ ቀን ጠዋት ሰንበቴ ከተማ ያለ የቁም ከብት ላኪ ድርጅት ጸሐፊ ኢሜይል ከሌላ አገር ተከፍቶ አየን። ወዲያው ዘጋሁት። ሌሎች ሠራተኞችም ተጠልፈው እንደሆነ ለማወቅ ግን ጸሐፊዋን ማነጋገር ነበረብኝ።

«የሆነ ሊንክ ተጭነሻል?» አልኳት።

«ኧረ ምንም አልነካሁም!»

«ፓስዎርድሽን የሆነ ቦታ አስገብተሻል፤ እዚህ ይታየኛል እኮ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ደግሜ ብደውል ሥራ አስኪያጁ አንስቶ «የኛ ሠራተኞች እንዲህ ያለ ነገር አይሠሩም» አለኝ።

መምህር ከወንበሩ ብድግ አለ። «አለቃ፣ እኔ ልሞክር?»

ደወለ። «አካም ጅርታ? ማቲን ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ስለ እሷና ስለ ቤተሰቧ ደህንነት በመጠየቅ ጀመረ። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ ጠየቃት። ቀጥሎ እናቷ የየት አገር ሰው እንደሆኑ። አማርኛ ይቀላቅላል፣ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል፣ ይስቃል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ድንገት ማዳመጥ ጀመረ። የልጅቷ ለቅሶ ከስልኩ ይሰማ ነበር።

እናቷን ሐጅ ለመላክ ስትመኝ የኖረች ልጅ ናት። ምዝገባ ተከፍቷል የሚል መልእክት ደረሳት፤ ስሟንና ፓስዎርዷን ሞላች። ደስ ስላላት መልእክቱን ለሦስት የሥራ ባልደረቦቿም ልካላቸው ነበር። የሦስቱንም ኢሜይል ከምሳ በፊት ዘጋን። ቡድኑ አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ግን ከሁሉም ቀድሜ አቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኩ በጠራ ቁጥር «መምህር አለ?» ሆነ። ባጃጅ ነጂው ሁሉ ከበር ላይ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይለዋል። የሰንበቴዎቹ የግመል ወተት በጄሪካን ላኩለት። ለሁላችንም ሲቀዳ እኔ አልጠጣም አልኩ። በልጅነቴ በጣም እወደው ነበር።

ለዋናው ቢሮ ሪፖርት ስጽፍ «ባደረግኩት ማጣራት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አመሰገነኝ። ምስጋናው ግን አላሳረፈኝም፤ ለማን እንደሚገባ አውቃለሁና። በማግስቱ መምህርን ወደ ጠረጴዛዬ ጠራሁት።

«ከነገ ጀምሮ ስልኩን ለሌሎቹ ተውላቸው። አንተ ኮምፒውተሮቹ የሠሩትን ሁሉ የሚመዘግቡበትን መዝገብ ማንበብ ያዝ። ለእድገትህ ነው፣ ቴክኒኩ ላይ ጠንከር እንድትል።»

ፊቱ በራ። «አላህ ይስጥሽ፣ አለቃ። ይኼን ነበር የምፈልገው።»

ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩት።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆየ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ከሚሴ ያለ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ መጋዘን ኃላፊ ደወለ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። በኦሮምኛ መምህርን እንዳገናኘው ጠየቀኝ።

«ሥራ ይዟል፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኩት በአማርኛ።

«አቦ ግድ የለም፣ ለሰላምታ ነው» ብሎ ዘጋ።

የደህንነት ስልክ ላይ ለሰላምታ የሚደውል ሰው የለም። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። መምህር የተቀመጠው ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር። አልነገርኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የዚያ ድርጅት ፋይሎች በሙሉ በቫይረስ ተቆልፈው አልከፈት አሉ። ኃላፊው ፎቶ ቤት ወረቀት ያሳተመበትን ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አንዳች እንግዳ ነገር አይቶ ነበር። ደንግጦ፣ ሳይወቅስ የሚሰማው ሰው ፈልጎ ነበር የደወለው። የፋይሎቹ ቅጂ በሌላ ቦታ ተቀምጦ ስለነበር ሥራው አልጠፋም፤ ሁሉንም ለመመለስ ግን ሦስት ቀን ፈጀ። ድርጅቱ እስከዚያው ደንበኞቹን ከበር መለሰ።

መምህር እዚያ ሄዶ ሰውዬውን አነጋግሮ ሲመለስ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ሰውዬው ትናንት ደውዬ ነበር አለኝ።»

«አዎ።»

«እኔን ብሎ ነበር?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሄዶ ተቀመጠና ሥራውን ቀጠለ። ሦስቱን ቀን ጎን ለጎን ስንሠራ ከሥራው ውጪ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራው ባለቀ ማግስት ከቢሮው ሥር ወዳለው ሻይ ቤት ይዤው ወረድኩ። ሻዩ እንደቀረበ፣ ድፍረቴ ሳይከዳኝ ተናገርኩ።

«ከስልኩ ያነሳሁህ ለእድገትህ ብዬ አልነበረም። ቀንቼብህ ነው። ይቅር በለኝ።»

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረው።

«ስልኩ እንኳን ምንም አይደለም» አለ። «ለእድገትህ ነው ስትዪኝ ግን አመንኩሽ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልጆቹ ተደስተው ጨፈሩ። አሁን ምን ልበላቸው?»

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳና «አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ጊዜ ስጪኝ» ብሎኝ ደረጃውን ወጣ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ለዋናው ቢሮ ጻፍኩ፤ የሰንበቴው ሥራ የእሱ እንደነበር፣ ያልተላለፈው ስልክ ደግሞ የእኔ ጥፋት እንደሆነ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። እሱ ወደ ስልኩ ተመለሰ። መዝገብ ማንበቡንም በየቀኑ አንድ ሰዓት አብሬው ተቀምጬ አስተማርኩት፤ ለቤተሰቡ የነገራቸው ውሸት ሆኖ እንዳይቀር። ሲጀምር ዘገምተኛ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ በማለቴም አፈርኩ። በኋላ ግን ሥራው ቀናው።

ከወራት በኋላ ዋናው ቢሮ ደሴ ላይ ደንበኞችን የሚያሠለጥን ኃላፊ ሊያደርገው አሰበና አስተያየቴን ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አቆየሁት። በሦስተኛው ቀን ይገባዋል ብዬ ጽፌ ላክሁ።

አሁን በየሳምንቱ በስክሪን ስብሰባ እንገናኛለን። እሱ ሲናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ይጠይቃል፣ ያጠፋውን ሳይፈራ ይናገራል። ይቅርታ ከጠየቅኩ ቅናቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አልለቀቀኝም። ሲመጣብኝ ካሜራዬን አጠፋና ደብተሬን አውጥቼ እሱ ሰዎቹን እንዴት እንደሚጠይቃቸው እንድማርበት እጽፋለሁ።