የሁለት ሰው ምስጢር

ቨርና ሃቸር ፈሪ ናት። ነጎድጓድ ትፈራለች፣ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ሲደወል ትፈራለች። ከሁሉም በላይ ግን ውሃ ትፈራለች፤ በልጅነቷ የዊሎ ጅረት ሞልቶ የአባቷን ላሞች ከነ በረታቸው ሲጠርግ ጣሪያ ላይ ሆና አይታለች። ወንድሟ ኮይ እስካሁን የሚኖረው እዚያው ቤት ነው።

ከኮይ ቤት በላይ ያለውን የግጦሽ ሜዳ ዘጠኝ መቶ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ገዛው። ቴክሳስ ገጠር ውስጥ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ "እዚህ አትሥራ" የማለት ሥልጣን የለውም። ኩባንያውን የጎደለው ቦንድ ሸጦ ቧንቧና ቦይ የሚዘረጋለት፣ የውሃ ወረዳ የሚባል አካል ብቻ ነበር፤ ወረዳው ደግሞ በነዋሪው ድምፅ ይጸድቃል። ሜዳው ላይ ከፌንጣ በቀር ነዋሪ የለም። ስለዚህ እንደ ልማዱ ነዋሪ ተፈለገ፤ ቤት ያጡት ቨርናና ባሏ ድዌይን ሜዳው መሃል በቆመ ተጎታች ቤት በነፃ ገቡ። "ሁሉም የሚያደርገው ነው" አሏቸው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሜዳው አስፋልት ሲለብስ ዝናቡ የት እንደሚሄድ ለቨርና መንገር አያስፈልግም። አንድ "አይ" ብቻ በቂ እንደሆነም ታውቃለች፤ አንድ ለአንድ ከወጣ ወረዳው አይጸድቅም።

በምርጫው ጧት የኩባንያው ሰው ሃልስቴድ ዶናት ይዞ መጣ።

"እንዴት አደራችሁ፣ መራጮቼ! ድምፅ ምስጢር ነው መቼም" ብሎ ሳቀ። "ግን የሁለት ሰው ምስጢር ምን ምስጢር ነው?"

"አታስብ ጌታው፣ ያለቀ ነገር ነው" አለ ድዌይን፣ አፉን በዶናት ሞልቶ።

ቨርና "አይ" ልትል ቆርጣ ነበር ምርጫ ጣቢያው የገባችው። ብዕሩን አነሳች። ክረምቱን መኪና ውስጥ ያደሩበት ብርድ ትዝ አላት፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ወደዚያ መመለስ! ኮይ ዋና ይችላል ብላ ራሷን አታለለች፣ "አዎ" ላይ ምልክት አደረገች፣ ወጣች።

ማታ አስመራጯ ሁለቱን ወረቀት ገለጠች።

"የደገፈ አንድ። የተቃወመ አንድ።"

ሃልስቴድ መሳቁን ተወ። ቀስ ብሎ ወደ ቨርና ዞረ። "ለወንድምዎ ብለው ነው፣ አይደል ወይዘሮ ቨርና?"

"እኔ አይደለሁም!" ከአፏ አመለጣት። "በእግዚአብሔር እምላለሁ፣ እኔ አዎ ነው ያልኩት!"

ካለች በኋላ ነው ያለችው የገባት። ድዌይንን ለማየት አንገቷ እምቢ አላት።

"እኔ ነኝ" አለ ድዌይን፣ ባርኔጣውን እያነሳ። "እሷ እንደማትደፍረው አውቅ ነበር።"

"እስከ ዓርብ ትለቃላችሁ" አለ ሃልስቴድ።

ከሁለት ያጣ ሆነች። ዕቃቸውን ፒካፑ ላይ ሲጭኑ ድዌይን አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት በተሻላት። ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። ኮይ ነው፤ ወሬው ደርሶታል።

"አንሺው እንጂ" አለ ድዌይን፣ ፍራሹን በገመድ እያሰረ።

"ምን ልበለው?"

"ያዳንሽው አንቺ መስለሽው ነው የሚደውለው። እሺ በይው።"

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ።