ፈርሂያና የክትባቷ ሞተር

ወይዘሮ በለጡ የሞተሯን ቁልፍ ከመቀነታቸው ፈትተው ፈርሂያ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን በሁለት እጃቸው አጥፈው ዘጉባት።

«ይኸን ቁልፍ ለሱ ብትሰጪው ካንቺ አልታረቅም» አሉ። «ፍሬኑ እስኪሠራ ድረስ ለማንም እንዳትሰጪ። መጥቶ ቢለማመጥሽም፣ ቢያለቅስም።»

«ጋሽ ኪዳነማርያም ያለቅሳሉ እንዴ?»

«ለዚች ሞተር? ታይዋለሽ!»

ፈርሂያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «አብሽሩ፣ እትዬ» አለች፤ ቁልፉንም እሳቸው እያዩ የቱታዋ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ የመጣው ከቅዳሜው ገበያ ነው። የወይዘሮ በለጡ ባል አቶ ኪዳነማርያም በአሮጌዋ ሰማያዊ ሞተራቸው ወደ መካነ ሰላም ገበያ የሚወስደውን ቁልቁለት ሲወርዱ የፊት ፍሬኑን ጨበጡት። እጀታው ምንም ሳይዝ ተልፈስፍሶ እስከ መሪው ድረስ ገባ። የኋላው ፍሬን ድሮም ለስሙ ነው ያለው። «ዞር በሉ! ዞር በሉልኝ!» እያሉ፣ ሰዉ ግራና ቀኝ እየተበተነ፣ ሞተሯ ቀጥ ብላ ሄዳ የጤፍ ጭድ የተቆለለበት ጋሪ ውስጥ ተሰነቀረች። ጎትተው ሲያወጧቸው ጭዱ ጆሯቸው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል እንጂ ጭረት አልነካቸውም። የጭዱ ባለቤት «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊከትቡ መጡ?» ቢላቸው ገበያው በሙሉ አውካካ። ያልሳቁት ወይዘሮ በለጡ ብቻ ነበሩ። ቁልፉን ከሞተሯ ላይ ነቅለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት።

አቶ ኪዳነማርያም ከሠላሳ ዓመት በላይ ክትባት ሰጪ ነበሩ። ያቺን ሞተር በ1982 ዓ.ም. ከነሽታዋ አዲስ ተረከቡ። የክትባቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ኋላዋ ላይ እያሰሩ ከደጋው እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ ወረዳቸውን ቦረናን አካለሉባት። ድምፅዋ ገና ከወንዝ ማዶ ሲሰማ ሕፃን ሁሉ «ክትባት መጣ!» እያለ ይበረግግ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲሸጣት የገዟት ራሳቸው ናቸው።

ፈርሂያ ራሷ ከእነዚያ በርጋጊዎች አንዷ ነበረች። አምስት ዓመቷ ላይ ያንን ድምፅ ሰምታ ባዶ ጎተራ ውስጥ ገብታ ተደበቀች። እናቷ በእግሯ ጎትታ አወጣቻትና ወስዳ አስወጋቻት። አሁን ሞተሯን ግድግዳ አስደግፋ ዙሪያዋን ስትመለከታት፣ ያ ሁሉ ፍርሃት የዚች ቀጭን፣ ዝገት የበላት፣ መቀመጫዋ በማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋ ሞተር ነበር ወይ ብላ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

የሞተር ጥገና ሞያውን የተማረችው ጅዳ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ የገባችበት ቤት አባወራ፣ አቡ ናስር የሚባሉ ሽማግሌ፣ ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ሞተሮች ይሰበስቡ ነበር። አሮጌ ሞተር ፈትቶ እንደ አዲስ መግጠም ከዱንያ የቀራቸው አንድ ደስታ ነው፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ሻይ ይዛ ስትመጣ ካቻቢቴውን አቀበሏትና «አንቺ ፍቺው፤ እኔ እነግርሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ሥራ ሲያልቅ ግቢው ውስጥ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው እየነገሯት፣ እሷ ተንበርክካ እየፈታች ስድስት ዓመት አለፈ። ስትቸኩል «ሹወይ፣ ሹወይ» ይሏታል፤ ቀስ በይ ለማለት።

ወደ አገሯ ስትመለስ እናቷ የልብስ ሱቅ እንድትከፍት ጠብቃ ነበር። ፈርሂያ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት ተከራይታ የሞተር ጥገና ከፈተች። የመጀመሪያው ወር የመጣው ሁሉ ለመገረም የመጣ ነበር። ከጎኗ ባጃጅ የሚጠግነው ሱፍያን በተለይ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ ያያታል። የመጀመሪያ ደንበኛዋ አንድ የግብርና ባለሙያ ነበር። አልነሳ ያለችውን ሞተሩን በአሥር ደቂቃ አስነስታ ስትሰጠው ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ሠራተኛው የታለ? ላመስግነው» አላት። ሱፍያን ያን ቀን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን እጁን አጣጥፎ መቆሙን ተወ።

ማክሰኞ ጠዋት የክትባቷን ሞተር ፍሬን መፍታት ጀመረች። የፊት ፍሬኑ የሚሠራው በዘይት ነው። መሪው ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ የቡና ሲኒ የምታህል የዘይት ቤት አለች፤ መካኒኮች ማስተር የሚሏት እሷን ነው። እጀታው ሲጨበጥ ውስጧ ያለው ፒስተን ዘይቱን ወደ ጎማው ይገፋል፤ ሲለቀቅ ዘይቱ ይመለሳል። ፈርሂያ ክዳኑን ስትከፍት ዘይት የሚባል ነገር የለም። ሥሩ ላይ የተቃጠለ ማር የሚመስል ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሯል።

«ጋሼ፣ ይህን ዘይት መቼ ነው የቀየሩት?»

አቶ ኪዳነማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። ቁልፉን ሊለምኑ መጥተው ደረት ኪሷን እያዩ ነበር። «ይቀየራል እንዴ?» አሉ።

ፒስተኑን የያዘችውን ቀለበት በፒንሳ አወጣች። ፒስተኑ ግን አልወጣም። ዝገቱ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። ዘይት ጠብ እያደረገች፣ እየጠበቀች፣ በእንጨት መዶሻ እያንኳኳች ግማሽ ቀን ፈጀች። ሱፍያን ከበሩ ላይ «በመዶሻ አንዴ ደህና አድርገሽ አቅምሺው!» ይላታል። እሷ «ሹወይ፣ ሹወይ» ትላለች። ከሰዓት ላይ ፒስተኑ ከነሞላው ተስፈንጥሮ ወጥቶ የሱፍያንን ጫማ መታው። ጎሚኒዎቹ፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዙት ጎማዎች፣ በጣቷ ስትነካቸው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈሩ።

የማስተሩን ውስጥ በአልኮል አጥባ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አሸችው። ጥፍሯን እያስገባች ትዳስሳለች፤ ጥፍሯን የሚይዘው ጭረት እስኪጠፋ ድረስ አልተወችውም። ጎሚኒ ግን መካነ ሰላም ላይ አልተገኘም። ደሴ ደውላ በሚኒባስ ሹፌር እጅ አስመጣች፤ ሲመጣ ወፈረ።

«ዙሪያውን በምላጭ ላጪውና አስገቢው» አላት ሱፍያን።

«ባጃጅ ላይ እንዲህ ነው የምታደርገው?»

ሱፍያን ጭንቅላቱን እያከከ ሳቀ።

«እኚህ ሰውዬ ነገ ቁልቁለት ይወርዱበታል» አለችው። «ፍሬን ላይማ ወላሂ ቀልድ የለም።»

ትክክለኛው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ እስከዚያ የኋላውን ፍሬን አጠበቀችው። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አቶ ኪዳነማርያም አንድም ቀን ሳይቀሩ መጡ። ሞተሯን በጨርቅ ይወለውላሉ፣ ለደንበኛው ሁሉ የድሮውን የክትባት ዘመቻ ያወራሉ፣ ሲሄዱ ደግሞ «ቁልፉ ደኅና ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ዕቃው በመጣ ቀን ፈርሂያ አዲሶቹን ጎሚኒዎች በፍሬን ዘይት አርሳ፣ ፒስተኑን ከነሞላው አስገብታ፣ ቀለበቱን መልሳ ገጠመችው። ዘይት ሞልታ እጀታውን ደጋግማ እየጨበጠች አየሩን አስወጣች። እጀታው ጠነከረ። ሱፍያን ራሱ መጥቶ ጨበጠውና «ማሻአላህ» አለ። መንገደኛው ቆመ፣ ጎረቤቱ ወጣ፤ ፈርሂያም ሞተሯን አስነስታ ልትሞክራት ወጣች።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደች። መጀመሪያ ፍሬኑን ስትይዝ ሞተሯ ቀጥ አለችላት። ሁለተኛ ያዘች፤ ቆመች። ሦስተኛ ያዘችና ለቀቀችው፤ ሞተሯ ግን አልለቀቀችም። ጎማው ተቆልፎ ቀረ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ብትገፋት እምቢ፣ ብትጎትታት እምቢ። ሰው ሁሉ እያያት እሷና ሞተሯ መሀል አስፋልት ላይ ሐውልት ሆነው ቆሙ።

ሱፍያን ከሩቅ ጮኸ። «እንዲያውም በጣም ሠርቷል! እንዳትንቀሳቀስ አድርጎ ነው የያዛት!»

ሰዉ ሳቀ። ፈርሂያም ሳቀች፤ ፊቷ ግን እንደ ፍም ቀልቷል። ታች ጎማው ጋ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን በመፍቻ ላላ አድርጋ ትንሽ ዘይት ስታፈስ ጎማው ተለቀቀ። ሞተሯን እየገፋች ወደ ጥገና ቤቷ ተመለሰች። አቶ ኪዳነማርያም ከጎኗ እየሄዱ ሞተሯን በጨርቃቸው ይወለውሏታል፤ ይህ ከሱፍያን ሳቅ ይልቅ ከበዳት።

በማግስቱ ጠዋት ማስተሯን እንደገና ፈታችው። እየፈታች ታስባለች። ዘይቱ ሄዷል፣ አልተመለሰም። ለምን አልተመለሰም? ያን ጊዜ አቡ ናስር ትዝ አሏት። ሽማግሌው ባዶ ማስተር ወደ ፀሐይ ያነሱና «ስንት ቀዳዳ ይታይሻል?» ይሏት ነበር። «አንድ» ትላለች። «ጨምሪ፤ ሁለት ነው። ሁለተኛዋ የምትታየው ለታጋሽ ብቻ ነው።»

ፈርሂያ ማስተሯን ይዛ ወደ ደጅ ወጣችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። አንድ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል። ከእሱ ጎን የዝንብ እግር የማትሞላ ጥቁር ነጥብ አለች። ዘይቱ የሚመለስባት እሷ ናት፤ በዚያ ቡናማ ዝቃጭ ተደፍናለች። ፈርሂያ ደስ ብሏት ጮኸች፤ ደስታዋ ግን ብዙም አልቆየ። ልትከፍታት ብትሞክር መርፌው ወፈረ፣ ከፍሬን ካቦ የመዘዘችው ሽቦም ወፈረ። በግድ ብታስገባ ቀዳዳዋን ታሰፋታለች፤ ያ ደግሞ ማስተሩን መጣል ማለት ነው።

አቶ ኪዳነማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ቀዳዳዋን አዩዋት፣ መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አዩዋት። «ቆይ» አሉና ሄዱ። ሲመለሱ ብብታቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ይዘዋል። ውስጡ በፋሻ የተጠቀለለ የጥንት መርፌ፣ የብርጭቆ ስሪንጅ፣ ደግሞ ከፀጉር የማትወፍር ሽቦ አለ።

«በእኛ ጊዜ መርፌ አንዴ ተወግቶበት አይጣልም» አሉ። «ቀቅለን ነው መልሰን የምንጠቀምበት። ሲደፈን በዚች ነበር የምንከፍተው።»

«እስቲ እርስዎ ያድርጉት፣ ጋሼ።»

«እኔ?»

«እጅዎ ለምዶታል።»

ሰውየው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ልማድ ነው። ማስተሯን እንደ ሕፃን ክንድ በግራ እጃቸው ያዙና ሽቦዋን አስገቡ። ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ። ድንገት ቡናማ ቅንጣት ወጥታ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ፈርሂያ ማስተሯን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ሁለት ብርሃን ታያት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች።

«ተመስገን!» አሉ አቶ ኪዳነማርያም፤ ወዲያው ደግሞ «ስሪንጁም ይሠራል እኮ» ሲሉ ጨመሩ። በእርግጥም ሠራ። ማስተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ዘይቱን በስሪንጁ ከታች፣ ከጎማው በኩል ሽቅብ ሲገፉት፣ አየሩ እየተንፈቀፈቀ በላይ በኩል ወጣ። ትናንት አንድ ሰዓት የፈጀው ሥራ በአምስት ደቂቃ አለቀ። ሱፍያን ይኼን አይቶ «ይችን ነገር እኔም ባጃጅ ላይ ልሞክራት» ብሎ ስሪንጁን ሊያነሳ ሲል «የመንግሥት ንብረት ነው!» አሉና እጁን መቱት። ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወይዘሮ በለጡ ተጠርተው መጡ። ፈርሂያ ቁልፉን አውጥታ «እትዬ፣ አልቋል። ሞክሬዋለሁ» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ቁልፉን አልተቀበሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉና «እኔን ጭነሽ ያንን ቁልቁለት ውረጂው» አሉ። «ካላየሁ አላምንም።»

«እርስዎን?»

«ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ናት፣ ሰው አይጫንባትም ሲለኝ ኖሯል። አሁን የኛ ናት።»

ወይዘሮ በለጡ ወደ አንድ ወገን ዞረው ኋላዋ ተቀመጡና የፈርሂያን ወገብ አጥንቷ እስኪሰማት ጭምቅ አድርገው ያዙ። ከቁልቁለቱ አናት ሲነሱ «እመቤቴ ድረሽ» ይላሉ፣ ፈርሂያ ከፊት «ቢስሚላህ» ትላለች። ሞተሯ ፍጥነት ጨመረች፤ የገበያው ቆርቆሮ ጣሪያ ወደ እነሱ ሮጠ። መሀል ላይ ፈርሂያ እጀታውን ቀስ አድርጋ ጨበጠችው። ሞተሯ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትንሸራተት፣ ለስለስ ብላ ቆመች። ስትለቀው ወዲያው ለቀቀች።

ፈርሂያ ወደ ኋላ ዞራ «እንዴት ነው፣ እትዬ? ደነገጡ?» አለች።

ወይዘሮ በለጡ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሽበታቸው ወጥቷል። ዓይናቸው ያበራል።

«ድገሚው» አሉ።

ሦስት ጊዜ ወረዱት። በሦስተኛው ወይዘሮ በለጡ አንድ እጃቸውን ለቀው ለገበያው ሰው ሰላምታ ይሰጡ ነበር። አቶ ኪዳነማርያም ከአናቱ ላይ ቆመው «ኧረ ለኔም ተራ ይድረሰኝ!» እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ ሚስትየው ወርደው ቁልፉን ራሳቸው ሰጧቸው፤ ሲሰጡም «ዘይቱ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ሰምተሃል?» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ የፈርሂያ ቤት ጠዋት ጠዋት ፍሬኑ የላላበት ሞተር ይሰለፍበት ጀመር። የጤና ባለሙያውም፣ አስተማሪውም፣ እህል ነጋዴውም መጣ። ሱፍያን የባጃጅ ማስተር ሲያስቸግረው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ደብቆ ያመጣላታል፤ እሷም ማንም ሳያይ ትሠራለታለች።

በሚቀጥለው ወር አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልኳ ጠራ። የወይዘሮ በለጡ ድምፅ ነው፤ ነፋሱ ከኋላ ያፏጫል።

«ፈርሂያ፣ አቀስታ እህቴ ቤት ደርሰናል!»

«አልሐምዱሊላህ! መንገዱ እንዴት ነበር? ፍሬኑስ?»

«ፍሬኑማ ደኅና ነው። እንዲያውም ይሄ ሰውዬ ፍሬን አገኘሁ ብሎ ለበግም ይቆማል፣ ለጉድጓድም ይቆማል፣ ለሰላምታም ይቆማል። አህያ እየቀደመን ነው የመጣነው። እስቲ አንቺ ንገሪው፤ ትንሽ እንዲነዳ!»

ፈርሂያ በዘይት የተነከረ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያም «ጋሼን ያቅርቡልኝ» አለች።